ዓይኔ ላይ ትንኝ ትዞራለች፤ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ብልጭታ አለ

ሒሳብ_ሹሙ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ካለ ይቅርታ፣ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።

34 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ነኝ፣ ሥራዬ ሒሳብ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ አፍጥጬ ነው የምውለው። መነጽር ከልጅነቴ ጀምሮ አደርጋለሁ፣ አሁን ማይነስ 7 ደርሷል። በፊትም ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ሳይ አንዲት የተጠማዘዘች ክር ትታየኝ ነበር። ላያት ስል ትሸሻለች፣ ዓይኔን ሳቆም ቀስ ብላ ትወርዳለች። ለምጃታለሁ። ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር ስለሚመስለኝ ለማንም አውርቼ አላውቅም።

ሰኞ ግን ሌላ ነገር መጣ። የወር መዝጊያ እየሠራሁ ቀኝ ዓይኔ አጠገብ ትንኝ ያለፈች መሰለኝና በእጄ አባረርኳት። ተመልሳ መጣች። እንደገና አባረርኳት። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ ነው ትንኝ የሚባል ነገር እንደሌለ የገባኝ። ማታ ደግሞ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ስሄድ በቀኝ ዓይኔ ጥግ በኩል ልክ ሰው ፎቶ እንዳነሳኝ ብልጭ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳዟዙረውም ብልጭ ይላል፣ ቅስት ነገር፣ ለአፍታ ብቻ። አያምም። አልቀላም። ማንበብም እችላለሁ።

ከዚያ መሥራት የሌለብኝን ስህተት ሠራሁ፣ ጎግል ገባሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የአንጎል ዕጢ፣ ኤምኤስ (የነርቭ በሽታ ነው) እና ዓይነ ስውርነት ደረስኩ። አክስቴ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ «ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ግባ» አለች። እማዬ «ያ ኮምፒውተር ነው» አለች። ጓደኛዬ «ጭንቀት ነው ባክህ፣ ወጣ ብለህ ተዝናና»። ሦስት ሰው፣ ሦስት በሽታ።

እንዲህ ሆኖ የሚያውቅ አለ? እስከ ቅዳሜ ብታገሥስ ችግር አለው? ወር መዝጊያ ላይ ፈቃድ መጠየቅ ራሱ ጦርነት ነው።

ሲስተር_መ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡25)

ወንድሜ፣ የዓይን ነርስ ነኝ፣ ሥራው ላይ ቆይቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ዓይንህንም አላየሁትም። ግን ቅዳሜን አትጠብቅ። ነገ ጠዋት ሂድ።

ለምን እንደምልህ ላስረዳህ፣ ሲገባህ ጎግሉን ትተዋለህ። የዓይናችን ውስጥ ባዶ አይደለም፣ የእንቁላል ነጭ የመሰለ ጥርት ያለ ጄሊ ሞልቶታል። አብዛኛው ውሃ ነው፣ በመካከሉ በጣም ቀጫጭን ክሮች አሉት። ዕድሜ ሲገፋ ጄሊው እየቀጠነ ይሄዳል፣ ክሮቹም እየተሰባሰቡ ይቋጠራሉ። ብርሃን ሲያልፍባቸው ከበስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ሬቲና የሚባለው ላይ፣ ጥላ ይጥላሉ። የምታየው ክሩን አይደለም፣ ጥላውን ነው። (አክስትህ ቢያንስ ጥላነቱ ላይ አልተሳሳቱም።) ዓይንህን ስታዞር አብሮ የሚዋኘው፣ ስታቆም ቀስ ብሎ የሚሰጥመው ለዚህ ነው። ነጭ ግድግዳና ጠራራ ሰማይ ላይ የሚጎላውም ለዚያ ነው። የድሮዋ ክርህ ይቺ ናት። ታሰለቻለች እንጂ አትጎዳም።

እኔን ያሳሰበኝ ሰኞ የመጣው ነው። ጄሊው እየተኮማተረ ይሄድና አንድ ቀን ከሬቲናው ይለያል። ብዙ ሰው ላይ ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፣ እንዳንተ ሩቅ ለማየት የሚቸገሩና ማይነሳቸው ከፍ ያለ ሰዎች ግን ዓይናቸው ረዘም ያለ ስለሆነ ቀደም ይልባቸዋል። ጄሊው ሲለይ ሬቲናውን ይጎትተዋል። ሬቲና ደግሞ ሕመም አያውቅም። የሚያውቀው ብርሃን ብቻ ስለሆነ ሲጎተት «አመመኝ» አይልም፣ ብልጭታ ነው የሚልክልህ።

አብዛኛው ሰው ላይ ጄሊው በሰላም ይለያል፣ ብልጭታውም በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይጠፋል። ግን እንዲህ በድንገት ጀምሯቸው ከሚመጡት ከአሥሩ አንዱ ገደማ ላይ ሬቲናው ተቀዶ ይገኛል። ቀዳዳው በጊዜ ከተገኘ ዙሪያውን በሌዘር ይተኮሳል፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ በዚያው ቀን ቤትህ ትገባለህ። ካልተገኘ በቀዳዳው ፈሳሽ ሾልኮ ይገባና ሬቲናውን ውሃ የገባበት የግድግዳ ልስን እንደሚላቀቅ ያላቅቀዋል። ያኔ ቀዶ ሕክምና ነው።

አሁኑኑ አንድ ነገር አድርግ። አንዱን ዓይን በመዳፍህ ሸፍነህ በሌላው ግድግዳ እይ፣ ከዚያ ቀይር። ከአንድ ወገን እንደ መጋረጃ የሚጋርድ ጥቁር ነገር ካለ፣ ወይም ነጥቦቹ በአንዴ እንደ ቁንዶ በርበሬ ከተበተኑ፣ ወይም እይታህ ከደበዘዘ ጠዋትንም አትጠብቅ፣ ድንገተኛ ክፍል ግባ።

መነጽር ቤት አትሂድ። የመነጽር ቁጥር ለክተው ይመልሱሃል። ብሌንህ በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናው እስከ ዳር ዳሩ መታየት አለበት። አዲስ አበባ ስላለህ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ትልቅ የዓይን ክፍል አለ፣ የግል ክሊኒክም አይጠፋም። ከአዲስ አበባ ውጭ ሆናችሁ ለምታነቡ ደግሞ ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አሉ፣ ቡታጅራ ግራርቤት ሆስፒታል አለ። ካርድ ክፍል ስትደርስ «ዓይኔን ያመኛል» እንዳትል፣ ወረፋ መጨረሻ ያስቀምጡሃል። «ሰኞ በድንገት ብልጭታና ጥቁር ነጥብ ጀመረኝ፣ ማይነስ 7 ነኝ» በል። ከጠብታው በኋላ ለአራት፣ አምስት ሰዓት ቅርብ ነገር ይደበዝዝብሃል፣ ብርሃንም ያስቸግርሃል። መኪና አትንዳ፣ ሰው ይዘህ ሂድ።

ሾፌሩ_ቨርጂኒያ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡02)

ሲስተር ያለችውን ስማ። እኔ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፣ ቢኖርም የምሰማ አልነበርኩም።

ኡበር ነው የምነዳው፣ ያኔ 51 ዓመቴ ነበር። አንድ ሌሊት ግራ ዓይኔ ላይ ጥላሸት የተበተነ መሰለኝ። የመኪናው መስታወት ነው ብዬ ነዳጅ ማደያ ቆሜ ሁለት ጊዜ ወለወልኩት። ከዚያ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። የፍጥነት ካሜራ አነሳኝ ብዬ፣ አትሳቁ፣ የቅጣት ደብዳቤ ስጠብቅ ነበር። ኢንሹራንስም ስላልነበረኝ «ይለፍልኛል» እያልኩ አራት ቀን ነዳሁ። በአምስተኛው ቀን ምሳ ላይ ቀኝ ዓይኔን ሳሽ ትሪው ጠፋኝ። ባለቤቴ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ፊቷን አያለሁ፣ ከአገጯ በታች ግን ግራጫ ነው። ውሃ ከታች ወደ ላይ እንደሚሞላ ዓይነት። ማታውን ፊቷንም ሸፈነው።

ሲያዩኝ የሬቲናው መሃል ጭምር ተነቅሏል አሉ። መሃሉ ሳይነቀል ብደርስ ኖሮ ብዙ ነገር እንደሚለይ በኋላ ነው የገባኝ። ጄሊውን አውጥተው ሬቲናውን መልሰው ለጠፉትና ከውስጥ እንዲደግፈው ጋዝ ሞሉበት። ከዚያ ሰባት ቀን በግንባርህ ተደፋ ተባልኩ። ሰባት ቀን! ስበላ ተደፍቼ፣ ስተኛ ተደፍቼ። ቡና በስትሮ የጠጣ ሐበሻ ካለ እኔ ነኝ። እጄ ላይ አረንጓዴ አምባር አሰሩልኝ፣ ጋዙ እስኪጠፋ አውሮፕላን ክልክል ነው። ከፍታ ላይ ጋዙ ያብጥና የዓይኑን ግፊት ያንረዋል። የእናቴ ተዝካር ለዚያ ወር ነበር። አልሄድኩም። ይሄ እስከ ዛሬ ከዓይኑ በላይ ይቆጨኛል።

አሁን አያለሁ፣ ተመስገን። ግን በግራ ዓይኔ ብቻ ካየሁ የበሩ መቃን ወገቡ ላይ ይጎብጣል፣ ጽሑፍም ይታጠፋል። ዓመት ሳይሞላ የዓይን ሞራ መጣና እሱንም ተሠራሁ። ብልጭታው በጀመረበት ቀን ብሄድ ሌዘር ነበር፣ በቃ።

ሰብለ_ሐዋሳ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡15)

ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ልጨምር፣ ብልጭታ ሁሉ ሬቲና አይደለም። የኔ ማይግሬን ነው። መጀመሪያ የያዘኝ ፈተና ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል ጠፋች፣ ልክ ያቺ ቦታ ብቻ። ከዚያ ከጠፋችበት ጎን የሚያብለጨልጭ ጥርስ ጥርስ ያለው መስመር ወጣ፣ የነጠላ ጥለት ላይ ያለውን ዚግዛግ አስቡት፣ እሱ እየተንቀጠቀጠና እየሰፋ ወደ ዳር ሲሄድ። ታወርኩ ብዬ አለቀስኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ቆየና ጠፋ፣ ከዚያ ጭንቅላቴን በግማሽ በኩል ፈለጠኝ። ሐኪሙ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ «አንዱን ዓይን ስትጨፍኚ ይጠፋል?» አይጠፋም። የትኛውንም ብጨፍን አለ፣ ምክንያቱም የሚመጣው ከዓይን ሳይሆን ከአንጎል ነው። የራስ ምታቱ ጭራሽ የማይከተላቸውም ሰዎች አሉ። ባለታሪካችን ግን በቀኝ ዓይን ጥግ፣ ለአፍታ፣ ዓይን ሲዞር ነው ያለው። ስለዚህ የኔ ዓይነት አይመስልም። ሂድ።

ናቲ_ቢ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡30)

ብሮ አታካብድ። ቲክቶክ ላይ አንድ ዶክተር በየቀኑ አናናስ ብሉ፣ በሦስት ወር ይጠፋል ሲል አይቻለሁ። እኔም ነጥብ አለኝ፣ እየበላሁ ነው።

ሲስተር_መ (ሐሙስ፣ ከረፋዱ 4፡10)

ናቲ፣ አናናስ ጣፋጭ ነው፣ ብላ። ነጥቡ ግን በሦስት ወር የቀነሰልህ አንጎልህ ስለለመደው ይሆናል፣ ብዙ ሰው ላይ እንደዚያ ነው። ጠብታም ክኒንም አያሟሟውም። ጄሊውን አውጥቶ በፈሳሽ የመተካት ቀዶ ሕክምና አለ፣ ሆኖም ራሱ የዓይን ሞራና የሬቲና መላቀቅ ሊያመጣ ስለሚችል ለሚያሰለች ነጥብ ብቻ ብሎ የሚቸኩል ሐኪም ብዙ የለም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ነጥቦች በዝተው ዓይኑም ከቀላ፣ ብርሃንም ከወጋው፣ ያ ሌላ መንገድ ነው፣ የዓይን ውስጥ መቆጣት ይባላል። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተህዋስ ሲሆን ከድመት ዓይነ ምድርና በደንብ ካልበሰለ ሥጋ ይመጣል። ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ሰምታችኋል።

ጋሼ ሾፌሩ ስለ ጋዝ ያሉት ለአገር ቤት ሰውም ይሠራል። አውሮፕላን ባትሳፈሩም ቆላ ወርዶ ተመልሶ ደጋ መውጣት ራሱ ከፍታ ነው። ጋዝ ዓይኑ ውስጥ እያለ ከአዲስ አበባ አዳማ ወርዶ መመለስ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

እንጦጦ_ሯጭ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡00)

እኔ ደግሞ ጠዋት እንጦጦ ስሮጥ ቆሜ ሰማያዊውን ሰማይ ካየሁ ጥቃቅን የሚያበሩ ነጥቦች እንደ ጉንዳን ይሯሯጣሉ። ጥቁር አይደሉም፣ ብሩህ ናቸው። ልፍራ?

ሲስተር_መ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡20)

አትፍራ። የራስህን ነጭ የደም ሴሎች እያየህ ነው፣ በሬቲና ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ሲሄዱ። ልብ ካልክ ከልብ ምትህ ጋር እኩል ይፈጥናሉ። በደንብ የሚታዩት ሰማያዊ ላይ ነው።

ሒሳብ_ሹሙ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡15)

እሺ፣ ተመልሻለሁ። ሲስተር እንዳሉኝ ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ። አለቃዬ «ለዓይን?» አለኝ፣ ለጥርስ ቢሆን የሚፈቅድ ይመስል። እማዬ ብቻህን አትሄድም ብላ ተከተለችኝ።

ጠብታውን ሦስት ጊዜ አደረጉልኝ፣ ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ድረስ ይመርራል። ብሌኔ ሲከፈት የእማዬን ነጠላ ማየት አቃተኝ፣ በጣም ያበራል። ከዚያ ሐኪሙ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ፣ ሌንስ ይዞ፣ ወንበሩን ወደኋላ ለጥጦ «ላይ እይ፣ ቀኝ እይ፣ ታች እይ» እያለ በብረት ነገር የዓይኔን ቆብ ከውጭ ይጫናል። ምቾት የለውም፣ ግን ይቻላል። ውጤቱ፣ ቀኝ ዓይኔ ላይ ጄሊው ተለይቷል፣ ቀዳዳ የለም። ግራው ላይ ዳር በኩል ሳሳ ያለ ቦታ ስላለ በክትትል ይታያል እንጂ አሁን አይነካም አሉኝ። በአምስት ሳምንት ተመለስ፣ መጋረጃ ካየህ ወይ ነጥቡ ከበዛ ግን በዚያው ቀን ና። ትንኟ አሁንም አለች። አሁን ይሄን ስጽፍ ራሱ «የ» ላይ ቆማለች።

ዋናው ወሬ ግን ይሄ አይደለም። ሐኪሙ እኔን ጨርሶ ሲታጠብ እማዬን ዞሮ «እርስዎስ እናቴ፣ ስኳር ወይ ግፊት አለብዎት?» አላት። ስኳር አለባት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ። «ዓይንዎ ታይቶ ያውቃል?» «ኧረ እኔ ምንም አላመመኝም፣ ከዚህ ሆኜ ታፔላ አነባለሁ» አለች፣ አነበበችለትም። ለማንኛውም ብሎ ጠብታ አደረገላት። በሁለቱም ዓይኗ አዳዲስ ስስ የደም ሥሮች በቅለዋል፣ ግራው ላይ ትንሽ ደም ፈሷል። እኔ ትንኝ ፈርቼ ሄጄ እሷ ናት ታማሚዋ። በየወሩ ስኳሯን ትለካለች፣ እግሯን ታሳያለች፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ማንም ዓይንሽን አሳዪ አላላትም፣ እኔም ጭምር። ትናንት የመጀመሪያውን ሌዘር ተተኮሰች፣ ገና ሁለት ዙር ይቀራታል። «መብረቅ ነው እንዴ የሚያስገቡብኝ» ስትል ነበር።

አሁን ጥያቄዬ ስለ እሷ ነው። ጾሙ እየተጋመሰ ነው፣ ሰሙነ ሕማማት ሲመጣ ስግደት አትተውም፣ አውቃታለሁ። ሌዘር ተተኩሳ መስገድ ትችላለች? ሐኪሙን ሳልጠይቅ ወጣሁ፣ ድንግጥ ብዬ ነበር። ጋሼ ሾፌሩ፣ ታሪክዎ ነው ያስነሳኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ሲስተር_መ (ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4፡50)

እንኳን ይዘሃቸው ሄድክ። የስኳር ሕመምተኛ በዓመት አንዴ በጠብታ መታየት አለበት፣ ቢያመውም ባያመውም። ምክንያቱም ደም ሥሩ እስኪፈስ ድረስ ምንም አይሰማም።

ሌዘሩ ራሱ ስግደት አይከለክልም። እኔን የሚያሳስበኝ ግራ ዓይናቸው ላይ የፈሰሰው ደም ነው። ደም ባለበት ዓይን ማጎንበስና ከባድ ማንሳት ብዙ ጊዜ አይመከርም፣ ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት ነው የሚባለው። ስለዚህ ለሁለተኛው ዙር ስትሄዱ «ሕማማት ላይ ስንት መቶ እሰግዳለሁ» ብለው በቁጥር ይንገሩት። «ትንሽ እሰግዳለሁ» ካሉት ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ይመስለዋል። የስኳር መድኃኒታቸውን ሰዓትም አብራችሁ ጠይቁ፣ ጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ። በዚህ መሃል በአንዴ ጥቁር ጭስ ወይም የሸረሪት ድር ታየኝ ካሉ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ሾፌሩ_ቨርጂኒያ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡30)

ንስሐ አባቷንም አናግራቸው። የኔ ባለቤት የሐኪሙን ቃል አልሰማ ብላ ቄሱ ሲነግሯት ነው የተቀመጠችው።